የቮልስ ሞተር ሲታደስ፦ የትኛው ዕቃ ይቀየር፣ የትኛው ይቆይ?

በመርካቶ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት አካባቢ በማለዳ የሚያልፍ ሰው፣ በተሸካሚው፣ በጋሪውና በሻጩ ሁካታ መካከል አንድ የታወቀ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። ደረቅ፣ ተከታታይ፣ ከመኪናዋ ኋላ የሚመጣ የሞተር ድምፅ ነው። ማን እንደመጣ ለማወቅ ዞሮ ማየት አያስፈልግም፤ ቮልስ ናት።

ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ የማይረሳ ገጽ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በአንዲት ቮልስ ነበር። ንጉሡም፣ የጣላቸው ደርግም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም ሥርዓት አልፈዋል፤ ቮልስ ግን ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ትታያለች። በዓለም ደረጃ የዚህች መኪና የመጨረሻ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያበቃ፣ በድምሩ 21,529,464 መኪኖች ተሠርተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቮልስ የለም። ያለችውን ማደስ ብቻ ነው የቀረው።

ማደሱም ከናፍቆት ያለፈ የኑሮ ጉዳይ ኾኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው የሚገቡ መኪኖችን ቀረጥ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ ዛሬ ሞተሩ ጭስ የጀመረበት ባለ ቮልስ ፊት ያለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ያለው ገንዘብ ውስን ነው፤ ዕቃው ብዙ ነው። ከሞተሩ ውስጥ የትኛው ይጣል? የትኛው ይመለስ?

በየጋራዡ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ከተፈታ አይቀር ሁሉም ይቀየር» የሚል ነው። ሁለተኛው «የጀርመን ብረት አይሞትም፣ ፋሻውን ብቻ ቀይረህ ግጠመው» ይላል። ሁለቱም ያስከስራሉ። የመጀመሪያው ደኅና የፋብሪካ ዕቃ አስጥሎ በቦታው ጥራቱ የማይታወቅ አዲስ ዕቃ ያስገባል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃ ሳይቀየር ቀርቶ ከወራት በኋላ ሙሉ ሞተር እንዲፈርስ ያደርጋል። ትክክለኛው ውሳኔ የሚገኘው በመለካት ነው። ከልኬቱ ጎን የሚቆም አንድ ጥያቄም አለ፦ ይህ ዕቃ ከሞተሩ ውስጥ ቢሰበር ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው?

ሳይፈታ በፊት

የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ኾነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያውን በስስ የብረት ክንፎች ተከቧል፤ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ በቆርቆሮ መምሪያ ውስጥ አየር እየገፋ ያቀዘቅዘዋል። ዘይቱም የማቀዝቀዙን ሥራ በከፊል ይሸከማል። የሚይዘው ዘይት ግን ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የወረቀት ማጣሪያም የለውም፤ ከሥሩ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው።

ሞተሩን ለማውረድ ቀላል መኾኑ በረከትም ፈተናም ነው። ከማርሹ ሳጥን ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎኖች ስለኾነ፣ ልምድ ያላቸው ሁለት ሰዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ መሬት ላይ ያስቀምጡታል። በዚህ ምክንያት መፈታት የማያስፈልገው ሞተር ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ሞተሩ ሳይወርድ የሚደረግ አንድ ምርመራ ከሁሉ ይበልጣል፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መሳብና መግፋት ነው። ጤናማ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው በእጅ የሚታወቅ አይደለም፤ ፋብሪካው የፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲኾን የመጨረሻው ወሰን 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ፑሌጃው ሲገፋና ሲሳብ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ዋናው ዘንግ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ፣ የተቀመጠበትን ቤት እየደበደበው ነው። ይህን ድምፅ የሰማ ባለቤት ሌላውን ሁሉ ትቶ ለትልቁ ወጪ መዘጋጀት አለበት። ያገለገለ ሞተር ለመግዛት የሚሄድ ሰውም ከዋጋ ድርድር በፊት ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የሲሊንደሮቹን ግፊት መለካት ነው። እዚህ ላይ በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ አለ። በጥገና መጽሐፍ ላይ የተጻፉት የግፊት ቁጥሮች ለባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው። በአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስስ ስለኾነ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ያንሳል፤ የሚያሳየው ግፊትም በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 8 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር መርካቶ ላይ 6 ባር ያህል፣ ባሕር ዳር ላይ 6.4 ባር ያህል ያሳያል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከ6 ባር በታች ይወርዳል። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ደኅናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊያስፈታው ይችላል።

ስለዚህ ዋናው ነገር አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በጠንካራ ባትሪ ይለካል። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት አንጠባጥቦ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻ ወይም የሲሊንደር ነው። ካልጨመረ የቫልቭ ነው። ቫልቭ ከኾነ ደግሞ ከመፍታቱ በፊት የቫልቭ ክፍተቱን ማስተካከል ይቀድማል፤ ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቩ ሳይዘጋ የቀረበት ሞተር «አረጀ» ተብሎ የተፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የካንዴላው ጥቁርነትም ያሳስታል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ከአየሩ በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላውም በደረቅ ጥላሸት ይሸፈናል። ደረቅ ጥላሸት የካርቡራተር ጉዳይ ነው። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁረት ነው ዘይት እየተቃጠለ መኾኑን የሚናገረው።

ከቤቱ መጀመር

ሞተሩ ከተፈታ በኋላ አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚጥለው በፒስተኖቹ ላይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሞተሩ ቤት ነው፤ ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን አቅፎ የሚይዘው፣ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራው፣ በሁለት ግማሽ የሚከፈለው አካል። ቤቱ ካልረባ በውስጡ የሚገባው አዲስ ዕቃ ሁሉ የጠፋ ገንዘብ ነውና፣ ቤቱ ሳይመረመር አንድም ዕቃ መገዛት የለበትም።

ማግኒዥየም ቀላል ነው፤ ሙቀትንም ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው። ለብዙ ዓመታት የሞቀና የተደበደበ ቤት የብሮንዚኖቹ መቀመጫ፣ በተለይም የመሃሉ፣ ክብነቱን ያጣል። ከሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ ስንጥቅ መኖሩም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የሲሊንደር ቴስታታዎችን የሚይዙት ረጃጅም ቡሎኖች የተተከሉበት ጥርስ ተነቅሎም ሊኾን ይችላል። ከእነዚህ ሦስቱ የጥርሱ መነቀል ቀላሉ ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ጥርስ ሲገባበት ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠነክራል። የመቀመጫዎቹ መበላት በቶርኖ ቤት በአንድ መስመር ተስፍተው በውጪ ልካቸው ከፍ ያሉ ብሮንዚኖች ሲገቡ ይድናል። ሥራው ግን ለዚሁ የሚኾን መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል፤ በግምት የሚሠራ አይደለም። ስንጥቅ ያለበት ቤት በብየዳ ሊዳን እንደሚችል የሚናገሩ አይጠፉም፤ ቤቱን ሞቶ የነበረ ሰው ከመቃብር እንደማስነሣት ይቆጠራል፤ አስተማማኝ አይደለም፤ ሌላ ቤት መፈለጉ ይሻላል።

ሌላ ቤት ሲፈለግ ግን ሁለቱ ግማሾች ጥንዶች መኾናቸው አይዘነጋ። ፋብሪካው መቀመጫዎቹን የሠራው ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ ስለኾነ፣ የአንዱን ሞተር ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር ማጋባት አይቻልም። በያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ «ግማሹ ደኅና ነው» ተብሎ የሚቀርብ ቤት ምንም ያህል ቢረክስ ጥቅም የለውም።

ክራንክሻፍቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። በጥሩ ብረት የተቀጠቀጠ ነውና፣ ከስድሳ ዓመት በኋላም የፋብሪካ ልኩን እንደያዘ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ከክብነቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተዛነፈና ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሌለው ተወልውሎ ይመለሳል። ካለው በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ለዚያ ልክ የተሠራ ብሮንዚን ይገባለታል። ከውጭ አገር ርቆ የመጣ አዲስ ክራንክሻፍት ከመግዛት፣ የተሞረደውን የፋብሪካ ዘንግ መመለስ በብዙ መልኩ ይመረጣል።

ብሮንዚኖቹ ግን ምንም ቢያምሩ አይመለሱም። እዚህ ላይ ነው ከልኬት ይልቅ «ቢሰበር ምን ይዞ ይሄዳል» የሚለው ጥያቄ የሚፈርደው። ብሮንዚን ሲበላ ክራንክሻፍቱን ይጭራል፤ የብረቱ ፍርፋሪ ማጣሪያ በሌለው ዘይት ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሁሉ ይዞራል። በቁጠባ የተመለሰ አሮጌ ብሮንዚን ያዳነው ገንዘብ፣ ካስከተለው ጥፋት ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ቢዬላዎቹ ካልተጣመሙና የፒስተኑ ፒን በዘይት ተቀብቶ በአውራ ጣት ቀላል ግፊት የሚያልፍባቸው ከኾነ ይመለሳሉ፤ የሚይዟቸው ዳዶዎችና ቡሎኖች ግን በአዲስ መተካት አለባቸው። ካምሻፍቱ ጥርሶቹ ካልተበሉ ይቆያል። ከእርሱ ጋር የሚሠሩት ገፊ ኩባያዎች ፊታቸው ከተቦረቦረ አብረው ይጣላሉ። ካልተቦረቦሩም እያንዳንዱ ወደ ነበረበት ቀዳዳ መመለስ አለበት፤ ሲወጡ በተራ የተቀመጡበት ካርቶን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አዲስ ካምሻፍት ላይ አሮጌ ገፊ ማድረግ አዲሱን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ማስበላት ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር

ከላይ ያለው የሞተር ክፍል በዓይን የሚታይ ስለኾነ ውሳኔው ቀለል ይላል። ፒስተንና ሲሊንደር በመካከላቸው ሲታደሱ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራቸዋል፤ ክፍተቱ 0.20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ዕድሜያቸው አብቅቷል። ፋሻው ለብቻው ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ሲለካ ከ0.90 ሚሊ ሜትር ካለፈም እንዲሁ። በቮልስ ላይ ፒስተንና ሲሊንደር በአንድ ላይ እንደ ስብስብ የሚገዙ ስለኾነ፣ አንዱ ካለቀ አራቱንም መቀየር ይገባል። ልካቸው ደኅና ከኾነ ፋሻው ብቻ ተቀይሮ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ በቀጭን ድንጋይ ተፍቆ ይመለሳል።

በቴስታታው ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል። የእነዚህ ሞተሮች በሽታ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲሊንደሩ የሚያገኘው አየር በዘይቱ ሞቆ የመጣውን ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አውጥቶታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የቆዩት ስለኾኑ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሁልጊዜ የሚጠረጠር ዕቃ ነው።

ይህ ቫልቭ የሚበላሸው ቀስ ብሎ አይደለም። ለዓመታት በሙቀት ሲዳከም ቆይቶ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በረጅም ዳገት ላይ፣ ራሱ ከአንገቱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ በበረሃው ሙቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ስትወጣ ቮልስ የምትፈተነው በዚህ ነው። የወደቀው ቫልቭ ፒስተኑን ይበሳል፤ ቴስታታውን ያደቅቃል፤ ፍርፋሪውም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ቫልቮች፣ ቢያምሩም ባያምሩም፣ በእያንዳንዱ እድሳት አራቱም ይቀየራሉ። የማስገቢያ ቫልቮች ቀዝቃዛ አየርና ቤንዚን ስለሚያልፍባቸው ብዙ አይጎዱም፤ ከተፈተሹና ፊታቸው ከተስተካከለ ሊመለሱ ይችላሉ።

ቴስታታው ራሱ በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መካከልና ወደ ካንዴላው ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለው ይታያል። የቫልቭ መምሪያዎቹ ሰፍተው ቫልቩ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከኾነ መምሪያዎቹ ይቀየራሉ። የካንዴላው ጥርስ ተነቅሎ ከኾነ በብረት ጥርስ ይድናል። ሲገጠም ቴስታታውን የሚያጠብቁት ዳዶዎች በመለኪያ ቁልፍ እንጂ በክንድ ስሜት መጥበቅ የለባቸውም፤ ለ10 ሚሊ ሜትሮቹ 31፣ ለ8 ሚሊ ሜትሮቹ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት ነው የቤቱን ጥርስ የሚነቅለው።

ሰው የሚረሳቸው

ጓርኒሲዮኖች፣ የዘይት ከልካይ ጎማዎችና የገፊ ዘንግ ቱቦዎች ጎማ ከርካሾቹ ዕቃዎች መካከል ናቸው፤ ለመቀየር ግን ሞተሩን ማውረድ የሚጠይቁ አሉባቸው። ዋጋቸው ትንሽ፣ ለመድረስ የሚጠይቁት ሥራ ግን ብዙ የኾነ ዕቃ ሁሉ ሞተሩ በተፈታበት አጋጣሚ ይቀየራል። ፍሪሲዮኑም በዚሁ ሕግ ይዳኛል።

የዘይት ማቀዝቀዣው ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ሞተሩ የወረደው ብሮንዚን በልቶ ከኾነ፣ የብረቱ ፍርፋሪ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ ተቀምጧል። በቤንዚን ማጠብ ከፊሉን እንጂ ሁሉን አያወጣውም፤ ቀሪው በአዲሱ ሞተር የመጀመሪያ ቀናት ወጥቶ አዲሱን ብሮንዚን ይበላዋል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ማቀዝቀዣው ይጣላል። ሞተሩ በሌላ ምክንያት የወረደ ከኾነ በግፊት ተፈትሾ መመለስ ይችላል። የዘይት ፖምፓው ክዳን ላይ የጥርሶቹ ፈለግ ከተቀረጸበት፣ በመስታወት ላይ በተዘረጋ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ጠፍጣፋ ሲኾን መልሶ ያገለግላል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባሉት ግን በጋራዡ ጥግ ተጥለው የሚቀሩት ቆርቆሮዎች ናቸው። በሲሊንደሮቹ ሥርና ጎን የሚገጠሙት የአየር መምሪያ ቆርቆሮዎች ጌጥ አይደሉም። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድዱት፣ የሞቀው አየር ተመልሶ እንዳይሳብም የሚከለክሉት እነርሱ ናቸው። የሞተሩ ክፍል ዙሪያ ጎማም ሥራው ይኸው ነው። ውድ ፒስተን ገዝቶ ቆርቆሮውን የተወ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፒስተን ይገዛል። በደጋ አየሩ ስስ ስለኾነ የሚያቀዝቅዘው አቅም ያንሳል፤ ሞተሩም የሚያመነጨው ኃይል ስለሚቀንስ በከፊል ይካካሳል፤ ለጎደለ ቆርቆሮ የሚተርፍ ግን የለም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ቀዩ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ባትሪ አለመሙላቱ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ሊኾን ስለሚችል ወዲያው መቆም ያስፈልጋል።

ገበያው

መርካቶ በተራ የተከፋፈለች ናት። የመኪና ዕቃ ፈላጊ ወደ ሶማሌ ተራ ያቀናል፤ አዲስም ያገለገለም ዕቃ እዚያ ይገኛል። ከየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ለቮልስ ባለቤት ትርጉሙ ከባድ ነው። ብሮንዚን የሚገዛው ክራንክሻፍቱ ተሞርዶ፣ ቤቱም ተለክቶ ከተወሰነ በኋላ ብቻ ነው፤ የውስጡ ልክ በክራንክሻፍቱ፣ የውጪው ልክ በቤቱ ይወሰናልና። ልኩ በብሮንዚኑ ጀርባ ታትሟል፤ በካርቶኑ ላይ ያለውን ሳይኾን የጀርባውን ማንበብ ይገባል። ፒስተንም እንዲሁ ዲያሜትሩ አናቱ ላይ ተጽፏል። አሮጌውን ዕቃ ይዞ፣ ማይክሮሜትር የያዘ መካኒክ አስከትሎ መሄድ ሻጩን ማስቀየም አይደለም፤ ደኅና ዕቃ ያለው ሻጭ ደስ ይለዋል።

የአዲስና የአሮጌው ምርጫ ሲመጣ አንድ ዝንባሌ ሊመራ ይችላል። ከባድ፣ የተቀጠቀጠና የተለካ ዕቃ፣ እንደ ክራንክሻፍት፣ ቢዬላና የፋብሪካ ቤት ያለው፣ አሮጌው ይመረጣል። በመፋተግ የሚያልቅ፣ በሙቀት የሚዳከም ወይም ዘይት የሚከለክል ዕቃ አዲሱ ይመረጣል።

ገንዘቡ ካልበቃ

ብዙ ባለቤቶች የሚደርሱበት ቦታ ይህ ነው። ዝርዝሩ ተጽፏል፤ ድምሩ ከእጅ በላይ ኾኗል።

የቮልስ ሞተር እዚህ ላይ አንድ ዕድል ይሰጣል። ሲሊንደሮቹና ቴስታታዎቹ ቤቱ ሳይከፈል ይወጣሉ። ስለዚህ ፑሌጃው ሲገፋ ድምፅ ካላሰማና ሞተሩ ሞቆ በቀስታ ሲዞር የዘይት መብራቱ ካልበራ፣ የታችኛውን ክፍል ሳይነኩ ከላይ ያለውን ብቻ ማደስ ይቻላል። የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ ፋሻ ወይም የፒስተንና የሲሊንደር ስብስብ፣ ጓርኒሲዮንና ጎማዎች ተቀይረው መኪናዋ ወደ ሥራ ትመለሳለች።

ድምፁ ካለ ወይም መብራቱ ከበራ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። አዲስ ፋሻ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ያ ግፊት ቀድሞም በላሉት ብሮንዚኖች ላይ ያርፋል። ላዩ የታደሰ፣ ሥሩ ያለቀ ሞተር ካልታደሰው ፈጥኖ ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ሞተሩን በዘይት ቀብቶ፣ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ፣ በደረቅ ቦታ ሸፍኖ አስቀምጦ ገንዘቡ እስኪሟላ መጠበቅ ነው። ከቤቱና ከክራንክሻፍቱ ላይ ቀንሶ ለቀለምና ለወንበር ማውጣት ግን በየጋራዡ የሚታይ ስሕተት ነው።

ይህ አመዛዘን ለቮልስ ብቻ አይደለም። በክልሉ ከተሞች የሚሠሩት ባለ ሦስት እግር ባጃጆችና በመስኖ ዳር የሚንደቀደቁት ትንንሽ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች በአብዛኛው በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። እነርሱም ላይ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮንና የጭስ ማውጫ ቫልቭ ይቀየራሉ፤ ክራንክሻፍት ይለካል። የአርሶ አደሩ ሞተር ዋነኛ ጠላት ግን በክንፎቹ መካከል የሚጠቀጠቀው ገለባ፣ አቧራና የደረቀ ጭቃ ነው። መሳቢያው «አቅም አጣ» ተብሎ ወደ ከተማ ጋራዥ ከመጫኑ በፊት የማራገቢያው ሽፋን ተከፍቶ ክንፎቹ በብሩሽ መጽዳት፣ የአየር ማጣሪያውም መታጠብ አለበት። ከዚያ በኋላም ካልተሻለው ነው መፈታት ያለበት።

ታድሶ የተገጠመ የቮልስ ሞተር የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ሳይጨነቅ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜም ሳይነዳ ይሄዳል። ከዚያ ዘይቱ ይፈሳል፤ የሽቦ ወንፊቱ ይወጣል፤ የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ማለዳ ይስተካከላል፤ በአብዛኞቹ የኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በወንፊቱ ላይ ጥቂት ጥቁር ዱቄት ቢገኝ የፋሻው መላመድ ነው። የሚያብረቀርቅ የብሮንዚን ቅርፊት ከተገኘ ግን ሞተሩ ሳይነሣ እንደገና መውረድ አለበት።